ለዋስትና ደብዳቤ የሚከፈለው ኮሚሽን፦ የአገልግሎት ዋጋ ወይስ ወለድ?

ጥያቄው ከኮምቦልቻ ነው፦ “የብረታ ብረት ሥራ አለኝ። ለአንድ ወረዳ የተማሪ ዴስክ ለማቅረብ ጨረታ አሸንፌያለሁ። ውሉ 6 ሚሊዮን ብር ነው፤ የ10 በመቶ የውል ማስከበሪያ አምጣ ተባልኩ። ከወለድ ነፃ ሒሳብ ያለኝ ባንክ የ600 ሺህ ብር የዋስትና ደብዳቤ እጽፍልሃለሁ አለኝ። 30 በመቶውን ከሒሳቤ ያግዳል፣ በየሦስት ወሩ ደግሞ 1 በመቶ ኮሚሽን ይወስዳል። ቱቦላሬና ላሜራውንም በሙራበሃ፣ ማለትም ገዝቶ ትርፍ ጨምሮበት፣ ይሸጥልኛል፤ ግን ‘ወኪላችን ሆነህ አንተው ግዛ’ ብሎ ወረቀት ሰጠኝ። በመንገድ ለሚደርስ ማንኛውም ጉዳት ተጠያቂ ነህ ይላል። መርካቶ ያለው የአክስቴ ልጅ ዕቃውን መርጦ ለመጫን 3 በመቶ ይወስዳል። አጎቴ ሸህ ናቸው፤ ‘በመቶኛ የተቆረጠ ሁሉ ሪባ (ወለድ) ነው፣ ተወው’ አሉኝ። ባንኩ ‘የአገልግሎት ክፍያ እንጂ ወለድ አይደለም’ ይላል። ማንን ልስማ?”

አጎትህም ባንኩም ግማሽ ግማሹን ነው የያዙት። አጎትህ የዋስትናውን ኮሚሽን መጠርጠራቸው ልክ ነው፤ የሰጡት ምክንያት ግን ልክ አይደለም። ባንኩም ለአገልግሎት ማስከፈል ይቻላል ሲል ልክ ነው። ነገር ግን ደረሰኙ ላይ “አገልግሎት” ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ ክፍያው የአገልግሎት አይሆንም። አንተ ደግሞ ሦስት የተለያዩ ውሎችን አንድ ላይ ጠቅልለህ ጠየቅህ። ለአክስትህ ልጅ የምትከፍለው አንድ ነው። የዋስትና ደብዳቤው ሌላ ነው። ባንኩን ወክለህ መግዛትህ ሦስተኛ ነው። አንዱ ተበላሸ ማለት ሌላውም ተበላሸ ማለት አይደለም፤ አንዱ ጸዳ ማለትም እንደዚያው።

ለሦስቱም የሚያገለግል አንድ ጥያቄ አለ። ይህ ብር የሚከፈለው ለየትኛው ሥራ ነው? መልሱ “ለዚህ ሥራ” ከሆነ፣ ሥራውም ዋጋውም ከታወቀ፣ ችግር የለም። መልሱ “ስላበደርኩህ”፣ “ዕዳህን ስለተሸከምኩልህ” ወይም “ጊዜው ስለረዘመ” ከሆነ ግን ስሙ ምንም ይሁን ምን ቆም በል።

መቶኛውን እናስቀድም። በመቶኛ የተቆረጠ ሁሉ ሪባ አይደለም። ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ ግመል የሚያሻሽጥ ደላላ ከዋጋው ከመቶ ይህን ያህል ይሰጠኝ ብሎ አስቀድሞ ቢስማማ፣ ሮጧል፣ ተደራድሯል፣ ገዥና ሻጭ አገናኝቷል። የድካሙ ዋጋ ነው፤ ሒሳቡ በመቶኛ መሠራቱ ምንም አይለውጠውም። በተቃራኒው ቁርጥ ያለ ብር ሪባ ሊሆን ይችላል። 10 ሺህ ብር አበድሬህ ስትመልስ 500 ብር “ለቡና” ጨምርልኝ ብልህ መቶኛ የሚባል ነገር አልተነሳም፤ ሪባ መሆኑ ግን አያከራክርም። ስለዚህ መቶኛውን ተወውና የምን መቶኛ እንደሆነ ጠይቅ።

በዚህ መሠረት የአክስትህ ልጅ 3 በመቶ በመርህ ደረጃ ሐላል ነው። ውሉ ወካላ ነው፣ በክፍያ የሚሠራ ውክልና። ግን ጥርት አድርጉት። 3 በመቶው የሚሰላው ከግዢው ዋጋ ነው ወይስ ማጓጓዣውም ይገባበታል? ዕቃውን ሳያገኝ ቢቀር ለዋለበት ቀን ይከፈለዋል ወይስ የሚከፈለው ዕቃው ሲጫን ብቻ ነው? ሲጫን ብቻ ከሆነ ውላችሁ ወደ ጁዓላ ይጠጋል፤ ለውጤት የሚከፈል ማለት ነው። የጁዓላ መሠረቱ በሱረቱ ዩሱፍ ውስጥ ያለው የጠፋው የንጉሥ ዋንጫ ታሪክ ነው፤ ላመጣው የግመል ጭነት ተዘጋጅቶለት ነበር። በጁዓላ ሥራው ስንት ቀን እንደሚፈጅ ባይታወቅም ይሆናል። ዋጋው ግን መታወቅ አለበት። የተበተነ ዱቤህን ለሚሰበስብልህ ሰው ከሰበሰበው ላይ 5 በመቶ እሰጥሃለሁ ብትለውም በዚሁ መስመር ይሄዳል።

ዋናው ጥንቃቄ ሌላ ቦታ ነው። ወኪል ያስቀነሰው ዋጋ የአንተ ነው፣ የእሱ አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለዑርወት አል-ባሪቂይ በግ እንዲገዛላቸው አንድ ዲናር ሰጡት። እሱ በዲናሩ ሁለት በግ ገዛ፣ አንዱን በአንድ ዲናር ሸጠ፣ ከዚያ አንድ በግና አንድ ዲናር ይዞ መጣ። ትርፉን ኪሱ አልከተተም፤ እሳቸውም ለንግዱ በረካ ዱዓ አደረጉለት። የመርካቶ ሻጭ ለአክስትህ ልጅ በጎን “ሻይ” ቢሰጠው ለአንተ መናገር አለበት። ካልተናገረ አማናውን (አደራውን) በላ ማለት ነው፤ የ3 በመቶው ሐላልነት ይህንን አይሸፍንለትም። ደላላ ከሁለቱም ወገን መቀበሉ በራሱ ክልክል አይደለም፤ ክልክሉ መደበቁ ነው። እኔን ከጠየቅኸኝ ደግሞ መቶኛውን ትቼ በአንድ መኪና ጭነት ቁርጥ ያለ ብር እስማማ ነበር። ዋጋው ከፍ ባለ ቁጥር ድርሻው ከፍ የሚልለት ወኪል ጠንክሮ ይከራከርልኛል ብዬ አላምንም። ይህ የነጋዴ ምክር ነው እንጂ ፈትዋ አይደለም።

አሁን ወደ ከባዱ። የዋስትና ደብዳቤ በፊቅህ፣ በእስላማዊው ሕግ፣ ከፋላ ነው። ሦስት ወገን አለበት፦ ዕዳ ወይም ግዴታ ያለበት አንተ፣ መብት ያለው ወረዳው፣ ጎንህ ቆሞ “እሱ ካጎደለ እኔ አለሁ” የሚለው ባንኩ። በሐዲስ የታወቀው ምሳሌ የአቡ ቀታዳ ነው። ዕዳ ያለበት ሰው ሞተ፤ በአንዱ ዘገባ ዕዳው ሁለት ዲናር፣ በሌላው ሦስት ዲናር ነበር። ነቢዩ ሊሰግዱበት አልፈለጉም። አቡ ቀታዳ “ዕዳው በእኔ ላይ ይሁን” ሲል ሰገዱበት። አቡ ቀታዳ ለዚህ ኮሚሽን አልጠየቀም። ፉቀሃኦች (የፊቅህ ሊቃውንት) ከፋላን ከመልካም ሥራ ውሎች ጋር የመደቡት ከዚህ የተነሳ ነው።

መልካም ሥራ ስለሆነ ብቻ አይደለም ግን ክፍያው የሚከለከለው። ሒሳቡን ተከተል። አንተ ዴስኮቹን ሳታስረክብ ቀረህ እንበል። ወረዳው ደብዳቤውን ይዞ ባንክ ይሄዳል፤ ባንኩ 600 ሺህ ብር ይከፍላል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ባንኩ ላንተ አበዳሪ ነው፣ አንተ ተበዳሪ ነህ። 600 ሺውን ትመልሳለህ። አስቀድሞ የወሰደው ኮሚሽን ታዲያ ምን ሆነ? በብድር ላይ የተገኘ ጥቅም ሆነ። ባንኩ ባይከፍል እንኳ ኮሚሽኑ የተወሰደው “ካስፈለገ አበድርሃለሁ” ለሚል ቃል ነው። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1985 ጅዳ ላይ ባደረገው ሁለተኛ ጉባኤው የወሰነው ይህንኑ ነው። ለዋስትናው ለራሱ ክፍያ መውሰድ አይፈቀድም፤ ደብዳቤውን ለማውጣት የሚወጣውን አስተዳደራዊ ወጪ ግን ከተመሳሳይ ሥራ ዋጋ ሳይበልጥ ማስከፈል ይቻላል። መቀመጫውን ባሕሬን ያደረገው የእስላማዊ ፋይናንስ ደረጃ አውጪ ድርጅት፣ ብዙዎች አዮፊ የሚሉት፣ የዋስትና ደረጃውም በዚሁ መንገድ ይሄዳል።

ሌላ አስተያየት አለ፤ መደበቅ አልፈልግም። የማሌዥያ ማዕከላዊ ባንክ የሸሪዓ ምክር ቤት ለከፋላ ክፍያ መውሰድን ፈቅዷል። የዘመኑ ንግድ ያለዚህ አይሄድም፣ ዋስ የሆነውም ትልቅ ኃላፊነት ተሸክሟል ከሚል ነው። ባንክህ በዚህ አስተያየት ላይ ቆሞ ከሆነ ከአየር ላይ አላመጣውም። ግን ይንገርህ። “የሸሪዓ ቦርዳችን ፈቅዷል” የሚለው አይበቃም፤ የትኛውን ውሳኔ ይዞ እንደፈቀደ በጽሑፍ መስጠት አለበት። ቅርንጫፍ ላይ ያለው ልጅ አላውቅም ካለህ አትናደድበት፣ እውነትም ላያውቅ ይችላል። ዋናው መሥሪያ ቤት ይጠይቅልህ። እኔ ግን የምይዘው የጅዳውን ውሳኔ ነው።

ያንተን ቁጥር እንየው። ከ600 ሺህ ላይ 1 በመቶ 6 ሺህ ብር ነው። የመጀመሪያው 6 ሺህ ምናልባት የሚያስረዳ ነገር ይኖረው ይሆናል፦ ማመልከቻህ ታየ፣ ውልህ ተመረመረ፣ ደብዳቤው ተጻፈ፣ ሁለት ኃላፊ ፈረመ፣ ተመዘገበ፣ ወረዳው ደውሎ ትክክለኛነቱን አረጋገጠ። እሺ። ከሦስት ወር በኋላ የሚቆረጠው ሁለተኛው 6 ሺህስ? ደብዳቤው ያው ደብዳቤ ነው፣ ማንም እጁን አላነሳም። ሥራው ካለቀ በኋላ መቁጠሩን የቀጠለ ክፍያ የሚቆጥረው ጊዜን ነው። ዘጠኝ ወር ከፈጀብህ 18 ሺህ ይሆናል፤ ወረዳው ርክክቡን ቢያዘገይብህ ደግሞ ያንተ ጥፋት ሳይኖርበት ይጨምራል። የ6 ሚሊዮን ብር ደብዳቤ ለሚያወጣ ነጋዴም ያው 1 በመቶ 60 ሺህ ነው፤ የወረቀቱ ሥራ ግን አሥር እጥፍ አልሆነም። ትልቅ ውል ጠለቅ ያለ ጥናት ይፈልጋል ብትለኝ እቀበላለሁ፣ ደረጃ ደረጃ ያለው ቁርጥ ክፍያ ሊኖር ይችላል። በብሩ መጠንና በወራቱ ብዛት ተባዝቶ የሚወጣ ሒሳብ ግን የወለድ ሒሳብ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? መውጫው እዚያው የጅዳ ውሳኔ ውስጥ አለ። ገንዘቡን ሙሉ በሙሉ አንተ ካስያዝክ፣ ባንኩ በአንተና በእሱ መካከል ዋስ መሆኑ ቀርቶ ወኪል ይሆናል። ያንተን ብር ይዞ፣ ካስፈለገ ያንተን ብር ይከፍልልሃል። ለወረዳው ዋስትናው እንዳለ ነው፣ አንዳች አይጎድልበትም። ወኪል ደግሞ ክፍያ መውሰድ ይችላል። ስለዚህ 600 ሺውን በሙሉ ካሳገድክ የሚጠይቅህ የአገልግሎት ክፍያ ያለ ጭቅጭቅ ንጹህ ነው፤ ቁርጥ ብር እንዲሆን ብቻ ተደራደር። አሁን ባለህ ሁኔታ 180 ሺው ብቻ ነው የተሸፈነው። በዚሁ ስሌት ከሄድን ለ180 ሺው የወኪልነት ዋጋ፣ ላልተሸፈነው 420 ሺህ ደግሞ እውነተኛ ወጪውን ብቻ ማስከፈል ይችላል። ይህን ለባንኩ ብትነግረው “ሲስተሙ አይፈቅድም” ሊልህ ይችላል። ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። የታሪፍ ሠንጠረዡ ከመደበኛው ባንክ ተገልብጦ የመጣበት ቦታ አለና። ያኔ ሙሉውን አስይዝ።

420 ሺህ መጨመር ቀላል እንዳልሆነ ይገባኛል። ግን ደብዳቤው ሲመለስ የሚመለስ ገንዘብ ነው፤ አይጠፋም። ዘመድ ቀርድ ሐሰን ቢሰጥህ፣ ማለትም ያለ ጭማሪ ቢያበድርህ፣ ያልፍልሃል። ወሎ ውስጥ ይህን የሚያደርግ ሰው ጠፍቷል ብዬ አላምንም፤ የሚጽፈው ግን ጠፍቷል፣ ስለዚህ በወረቀት ይሁን፣ ሁለት ምስክርም ይኑር። ወይም አንድ ሰው በዚህ ውል ብቻ ሸሪክህ ይሁንና ገንዘቡን አስይዞ ትርፍ ይካፈልህ፤ ይህ ሲሆን ኪሳራም ከመጣ በገንዘቡ ልክ እንደሚነካው አስቀድሞ ይወቅ። ለማስያዣው ብሎ ሌላ ባንክ ሄዶ በወለድ መበደር ግን አደራህን አይታሰብ። 18 ሺውን ሸሽተህ ባሰው ነገር ውስጥ ትገባለህ።

ሲፒኦንም፣ ባንክ የሚያዘጋጀውን የክፍያ ማዘዣ፣ አትርሳ። የጨረታ ሰነዱን አውጥተህ እንደገና አንብበው። የጨረታ ማስከበሪያ ብዙ ጊዜ በሲፒኦ ይቀበላሉ፣ የውል ማስከበሪያንም የሚቀበል መሥሪያ ቤት አለ። ሲፒኦ ያንተው ብር ነው፤ ባንኩ ወረቀቱን አዘጋጅቶ ትንሽ የአገልግሎት ክፍያ ይወስዳል፣ አለቀ። ከወለድ ነፃ ማለት ከክፍያ ነፃ ማለት አይደለም፤ ሠራተኛ ደመወዝ ይበላል፣ ሕንፃ ኪራይ አለው። ገንዘብ ለማስተላለፍ፣ ለሲፒኦ፣ ለኤቲኤም ካርድ የምትከፍለው ሁሉ ተጨባጭ ሥራ አለበት። እዚህ ላይ የሚጠራጠር ሰው ሲገጥመኝ ትንሽ ይደክመኛል።

ወረዳው ቅድሚያ ክፍያ ልስጥህ፣ የቅድሚያ ክፍያ ዋስትና አምጣ ቢልህስ? እዚያ ሙሉ ማስያዝ ትርጉም የለውም፤ የተቀበልከውን መልሰህ ማሳገድ ነው። ቅድሚያውን ተወው። የፈለግኸው ለብረት መግዣ ነው፤ ብረቱን ባንኩ በሙራበሃ ይሸጥልህ። ለገንዘብ እጥረት የተሠራው ውል እሱ ነው፤ ዋስትና አይደለም።

ሙራበሃውን ካነሳን ያ የወኪልነት ወረቀት እንዳለ አይፈረምም። በሙራበሃ ባንኩ የሚያተርፈው ዕቃ ገዝቶ ስለሚሸጥልህ ነው። ትርፉ የሚገባው ደግሞ ዕቃው በእጁ ባለበት ጊዜ ኃላፊነቱን ስለተሸከመ ነው፤ ጥቅም ከኃላፊነት ጋር ነው የሚሄደው፣ ሐዲሱም እንዲሁ ነው የሚለው። አንተ ባንኩን ወክለህ መርካቶ ስትገዛ ቱቦላሬው የባንኩ ነው። ባንኩ መልሶ እስኪሸጥልህ ድረስ የባንኩ ሆኖ ይቆያል። መኪናው ጣርማበር ላይ ቢገለበጥ የተገለበጠው የባንኩ ብረት ነው። ወኪል አማና ያዥ ነው፤ የሚጠየቀው ችላ ካለ ወይም ከታዘዘው ካለፈ ብቻ ነው። በመድን ላክ የተባልከውን ያለ መድን ብትልክ፣ ወይም ብሬኩ እንደማይሠራ እያወቅህ ብትጭን ትጠየቃለህ። “ለሚደርስ ማንኛውም ጉዳት” የሚለው ዐረፍተ ነገር ግን ባንኩን ከማንኛውም አደጋ አውጥቶ ትርፉን ብቻ ያስቀርለታል። ያ ከሆነ ባንኩ የሸጠልህ ብረት ሳይሆን ብር ነው። ዐረፍተ ነገሩ “በቸልተኝነቱ ወይም ከውክልናው ውጪ በሠራው ለሚደርስ ጉዳት” ተብሎ ይስተካከል። ካልተስተካከለ አትፈርም።

ቅደም ተከተሉንም ጠብቅ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። መጀመሪያ ዕቃውን ከባንኩ እንደምትገዛ ቃል ትገባለህ። ከዚያ የውክልናው ወረቀት ይፈረማል። ከዚያ ግዢው በባንኩ ስም ይፈጸማል፣ ክፍያውም ከባንኩ በቀጥታ ለሻጩ ይሄዳል። ዕቃው በእጅ መግባቱ ለባንኩ ይነገረዋል። በመጨረሻ ነው የሽያጩ ውል። ሁሉንም ወረቀት በአንድ ቀን በአንድ ጠረጴዛ ላይ አስፈርመው፣ ቀኑን ባዶ ትተው፣ ብሩን ወደ ሒሳብህ የሚጥሉ ከሆነ ሙራበሃ የለም። ቀድመህ የገዛኸውና ጓሮህ የተከመረ ብረት ካለም በእሱ ሙራበሃ አይሠራም፤ ያንተን ዕቃ ላንተው መሸጥ አይቻልም። ከራስህ ሱቅ መግዛትም እንደዚያው።

እዚህ ላይ አንድ ያላሰብከው ነገር አለ። ባንኩ አንተን ወከለ፤ አንተ ደግሞ የአክስትህን ልጅ ላክህ። እሱ ታዲያ የማን ወኪል ነው? አሁን የሚገዛው ለባንኩ ነው። ስለዚህ አንተ ያለ ባንኩ ፈቃድ ሌላ ሰው መወከል አትችልም፤ 3 በመቶውም የግዢው ወጪ ስለሆነ ባንኩ አውቆት በዋናው ዋጋ ውስጥ ግልጽ ሆኖ መግባት አለበት። የተሻለው መንገድ ባንኩ በቀጥታ የአክስትህን ልጅ ወኪል እንዲያደርገው መጠየቅ ነው። አዮፊም ቢሆን ገዢው ደንበኛ ራሱ ወኪል እንዲሆን የሚፈቅደው ሲያስፈልግ ነው፤ የሚመርጠው ሦስተኛ ሰው እንዲሆን ነው። እንዲህ ሲሆን አንተ ገዢ ብቻ ትሆናለህ፣ የመንገዱ ጉዳይም ከአንተ ትከሻ ይወርዳል። ዕቃው ሲደርስ አይተህ ትገዛለህ፤ ላሜራው ካዘዝከው ውፍረት ካነሰ አልገዛም የማለት መብት አለህ።

አንዳንድ ሰው “ይህ ሁሉ በመደበኛ ባንክ ውስጥ የተከፈተ ከወለድ ነፃ መስኮት ስለሆነ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ ብሄድ ይቀርልኛል” ይላል። ብሔራዊ ባንክ መስኮቱን የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፣ ሙሉ ባንክ እንዲቋቋም ደግሞ በ2019፤ ዘምዘምና ሂጅራም በ2021 ሥራ ጀምረዋል። አማራጩ መብዛቱ ጥሩ ነው፣ ሄደህ ታሪፋቸውን አወዳድር። ግን እዚያም ሄደህ የምትጠይቀው ያንኑ ነው። የሚታየው ውሉ እንጂ በሩ ላይ የተለጠፈው አይደለም።

ዋስትናው ቢጠራብህ ምን እንደሚሆንም አስቀድመህ እወቅ። አብዛኛውን ጊዜ መሥሪያ ቤቶች የሚጠይቁት ያለ ቅድመ ሁኔታ የሚከፈል ዋስትና ነው። ወረዳው “አላስረከበም” ብሎ ደብዳቤ ከጻፈ ባንኩ ከአንተ ጋር ሳይከራከር ይከፍላል፤ ክርክርህን ከወረዳው ጋር ኋላ ትጨርሳለህ። ከታገደው በላይ ባንኩ የከፈለው ብር ዕዳህ ይሆናል፣ ግን አንድ ሳንቲም ሳይጨመርበት። አጥተህ ከሆነ ቁርኣኑ እስክታገኝ ጠብቁት ነው የሚለው። እያለህ ካዘገየህ ባንኩ ቅጣት ሊጽፍ ይችላል፤ ቅጣቱ ለበጎ አድራጎት የሚሄድ መሆኑና ባንኩ ገቢ እንደማያደርገው በውሉ መጻፍ አለበት።

የእኔ ምላሽ የት ላይ እንደሚቆምም ልንገርህ። ውልህን ገጽ በገጽ አላየሁትም፤ የነገርከኝን ይዤ ነው። ነገ ጭቅጭቅ ተነስቶ ደሴ ፍርድ ቤት ብትቆም ዳኛው የሚከፍተው የፍትሐ ብሔር ሕጉን ነው እንጂ የአዮፊን ደረጃ አይደለም። በሕጉ ዋስትና በጽሑፍ መሆንና ከፍተኛው የገንዘብ መጠን መገለጽ አለበት፣ አንቀጽ 1725ንና 1922ን ተመልከት። ስለዚህ በሸሪዓ በኩል የተስማማችሁበት ነገር ሁሉ፣ ቁርጥ ክፍያው፣ የመንገዱ ኃላፊነት፣ የቅጣቱ መድረሻ፣ ውሉ ላይ በአማርኛ ይስፈር። የቃል ስምምነት አያድንህም። አጎትህንም ይዘሃቸው ሂድ። መቶኛ ላይ ቢሳሳቱም የማይገባቸውን የሚጠይቁ ሰው ጠረጴዛው ላይ መኖሩ ይጠቅምሃል።

ሳጠቃልል ያለብህ ይህ ነው፣ በቅደም ተከተሉ፦ ሰነዱ ሲፒኦ ከፈቀደ በሲፒኦ አስይዝ። ካልፈቀደ 600 ሺውን ሙሉ አሳግደህ በቁርጥ የአገልግሎት ክፍያ ደብዳቤውን አውጣ። ሁለቱም ካልሆኑልህና ባንኩ የሩብ ዓመቱን 1 በመቶ አልቀይርም ካለ፣ በዚያ ባንክ አታውጣው። የወኪልነቱን ወረቀት ሳይስተካከል አትፈርም። የአክስትህን ልጅ ሥራ ስጠው፣ ዋጋውን በጽሑፍ አድርገው።

ሁለት ነገር ባንኩን ስትጠይቅ እንዳይረሳህ። የታገደው ገንዘብ ያንተ ነው፤ ባንኩ እየሠራበት ከሆነ በሙዷረባ (በትርፍ ተካፋይነት) ሒሳብ ይሁንና ከትርፉ ድርሻህን ይስጥህ፤ ካልሠራበት ዝም ብሎ ይቀመጥ። ዴስኮቹን አስረክበህ ስትጨርስ ደግሞ ዋናውን የዋስትና ደብዳቤ ከወረዳው ፋይናንስ ራስህ ተቀብለህ ባንኩ ድረስ ይዘህ ሂድ። “እንልክልሃለን” ሲሉህ አትመን። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ተኝቶ ገንዘባቸው ለወራት ታግዶ የቀረ ነጋዴዎችን አውቃለሁ። ስትመልስ ዋስትናው መሰረዙን የሚገልጽ ማረጋገጫ ከባንኩ ተቀበል፣ እገዳው በዚያው ቀን መነሳቱንም ሒሳብህ ላይ አይተህ ውጣ።